ጎመንና ጥቅል ጎመን በዕድራችን ድስት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከምግብ ዝግጅት ክፍል የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ስብሰባ ክፍላችን ሪፖርት እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፣ እኛ ስለ ድስትና ስለ ሰሐን ቁጥር ብቻ ተናግረን ልንቀመጥ አስበን ነበር። የጠፋው 14 ሰሐንና 2 ጭልፋ መሆኑን ጸሐፊው በመዝገብ ይዞታልና እሱን አንደግምም፤ ቤቱ የቀረበት ሰው ካለ ግን ሳያፍር ይመልስልን። ዛሬ ልንናገር የመጣነው ስለ ጎመን ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ እናያለን። ይሁን፣ ፈገግ በሉ፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ዐቢይ ጾም በአንድ አባላችን ቤት ለቅሶ ደርሶ፣ በሰልስቱ ዕለት ከጠበቅነው በላይ ሰው መጣ። የያዝነው ጥቅል ጎመን አላዳረሰም። በዚያ ሰዓት ከጉሊት የተገኘው የሐበሻ ጎመን ብቻ ስለነበረ፣ እሱን ገዝተን፣ አጥበን፣ ቀቅለን፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ጥሩ አድርገን አቀረብን። ከሩቅ የመጡ አንድ ዘመድ ታዲያ ሰሐናቸውን ከፊታቸው ገፋ አድርገው፣ «ለእንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ ጎመን!» አሉ። ቃሉ ከድንኳኑ ተነሥቶ ጓዳ ደረሰ። የሟች ልጅ ጉልቻው አጠገብ ቆማ አለቀሰች፤ «አባቴን አዋረዳችሁት» አለችን። እኛም ከእሷ ጋራ አለቀስን እንጂ የምንመልሰው አላገኘንም።

በማግሥቱ ክፍላችን ተሰብስቦ ከእንግዲህ ወዲያ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ የሐበሻ ጎመን እንዳይቀርብ፣ የጾም አልጫው ሁሉ በጥቅል ጎመን፣ በድንችና በካሮት እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔው ለጠቅላላ ጉባኤ አልቀረበም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በንዴትና በኀፍረት የተወሰነ ነገር ነበር። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ በዚያው ስንሠራ ከረምን።

ነገሩን እንደገና ያነሣው አንድ ጥያቄ ነው። በመስከረም ወር ለአንድ ተዝካር ጥቅል ጎመን ስንከትፍ፣ ከእኛ ጋራ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እናት ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ «እኔ ጎመን ስለማልወድ፣ በእርግዝናዬ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልበላሁም። ልጄ እንደዚያ ሆና የተወለደችው በዚያ ይሆን?» ብላ ጠየቀችን። ሕፃኗ ጀርባዋ ሳይገጥም የተወለደች ናት፤ የቀበርናት እኛው ነን። የእናቲቱን ስም አናነሣም፤ ጥያቄዋን ለጉባኤው እንድናቀርብ ግን ፈቅዳልናለች። በዚያ ቀን ስምንት ሴቶች ነበርን፤ አንዳችንም አፍ አውጥተን አልመለስንላትም። እናቶቻችን ስለ ጎመን የነገሩን «ጎመን በጤና» የሚለውን ነው። እሱም ቢሆን ሥጋ ያላገኘ ሰው ራሱን የሚያጽናናበት ነው እንጂ፣ በውስጡ ያለውን አይነግርም።

ስለዚህ ከእኛው መካከል ጡረታ የወጣችውን ነርሳችንን፣ «በይ እንግዲህ መጽሐፍሽን አውጪና ሁለቱን አስተያይተሽ ንገሪን» አልናት። ቀጥሎ የምንናገረው ከእሷ የተማርነውና ከራሳችን ድስት ያየነው ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱ አትክልቶች ሥጋ ዘመድ ናቸው። ጥቅል ጎመን ከአውሮፓ የመጣ ነው። የእኛ ጎመን ከሚባሉት ውስጥ የጎመን ዘር የምንለው ዓይነት ግን መገኛው የገዛ ደጋችን ነው። የአትክልት ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ዓይነት የሰናፍጭና የጎመን ወገኖች ተዳቅለው የተወለደ ነው። ቫቪሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ የእህል ዘር ተመራማሪ በ1919 ዓ.ም. አገራችን ድረስ መጥቶ ዘር ሲሰበስብ፣ ኢትዮጵያን ከዓለም የዘር መገኛ ቦታዎች አንዷ አድርጎ ነው የቈጠራት። እኛ በመስከረም ገንፎ ሲደርስ ጎመንን ከቤት የምናስወጣ ሰዎች ነን። የክረምት ራብ ማስታገሻ ስለነበረ የድኻ ስም ተለጥፎበት ቀረ። ያ ዘመድ ድንኳን ውስጥ የተናገሩት ቃል ከዚያ የመጣ ይመስለናል፤ ሰውየው ክፉ ስለሆኑ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ነርሳችን ያነበበችልን የ100 ግራም ጥሬ ቅጠል ቁጥር ነው። ለጎመን የተወሰደው ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ ፈረንጆች ኮላርድ የሚሉት የእኛው ጎመን ዘመድ ነው። ካልሲየም፣ ማለት አጥንትና ጥርስ የሚሠራው፣ በጎመን 232 ሚሊ ግራም ሲሆን በጥቅል ጎመን 40 ብቻ ነው። አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። ወተት በማይጠጣበት በጾም ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጎመን ካልሲየም ደግሞ ሰውነት በደህና የሚቀበለው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ቆስጣን አታምጡብን፤ ቆስጣ ካልሲየም ቢኖረውም ኦክሳሌት የሚባል ነገር አስሮ ስለሚይዘው ብዙው ሳይጠቅም ያልፋል።

ቫይታሚን ኤ፣ ዓይንን ከዳፍንት የሚጠብቀው፣ በጎመን ወደ 250 ማይክሮ ግራም፣ በጥቅል ጎመን 5 ማይክሮ ግራም። ነርሳችን ይህን ስታነብ ተሳስታ መስሎን ሁለት ጊዜ አስደገምናት። አልተሳሳተችም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥቅል ጎመን ቅጠሉን በራሱ ላይ ጠቅልሎ የውስጡ ፀሐይ አያይም፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጎመን ግን ቅጠሉን ዘርግቶ ሙሉ ቀን ፀሐይ ይሞቃል፤ አረንጓዴነቱም ከዚያ ነው። ታዲያ እኛ ጥቅል ጎመን ስንከትፍ በመጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ውጭ ያለውን አረንጓዴ ቅጠል ገንጥለን ለበግ እንጥላለን! ከሁሉ የተሻለውን ክፍል ማለት ነው። ያልተበላሸውን አጥቦ መክተፍ እንደሚገባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስማምተናል።

ፕሮቲኑም በጎመን 3 ግራም፣ በጥቅል ጎመን 1.3 ግራም ነው። ለሆድ ድርቀት የሚረዳው አሠርም እንደዚሁ በጎመን ይበልጣል።

እስካሁን ጎመን አሸነፈ። ነገር ግን ሚዛን ስንይዝ በሁለቱም በኩል ማየት አለብን። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ «ጎመን ደም ይሠራል» ሲባል ነው የሰማነው፤ ለወለደች ሴትም በዚያ ምክንያት እናበላለን። ለደም የሚያስፈልገው ብረት ግን በሁለቱም ቅጠል እኩል ሆኖ ተገኘ፤ በ100 ግራም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል፣ ከዚያም አይበልጥም። ቫይታሚን ሲም እንደዚሁ እኩል ነው፤ በአንዱ 35፣ በሌላው 37 ሚሊ ግራም ገደማ። ብረቱ ያለው ምስሩና ሽሮው ላይ ነው። የቅጠሎቹ ሥራ በቫይታሚን ሲያቸው አማካይነት ያ ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ መርዳት ነው። ስለዚህ ምስር ወጥ ከሁለቱ ከአንዱ ጋራ በአንድ እንጀራ ላይ ሲቀርብ ጥሩ ነው። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡና ደግሞ ይህንኑ ብረት ይከለክላል። ለቅሶ ቤት ቡና አንድ ሰዓት ይዘግይ ብንል ግን ከዕድሩ እንደምንባረር ስለምናውቅ ይህን ለየቤታችሁ ትተነዋል።

ጥቅል ጎመንን ማቃለልም አይገባም። ካፒቴን ኩክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1768 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለረጅም የባሕር ጉዞ ሲነሣ፣ በጨው ተጎዝጉዞ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን በመርከቡ የጫነው፣ ድድ የሚያደማውንና መርከበኛ የሚፈጀውን በሽታ ለመከላከል ነበር። ለእኛም ሥራ ቢሆን ባለውለታችን ነው። ሳይጠወልግ ብዙ ቀን ይቆያል፣ አንዱ ራስ ብዙ ሰው ያዳርሳል፣ ለማጠብም አያስቸግርም። ለ200 ሰው ጎመን ማጠብ ማለት ግን ሦስት ውኃ እየለወጡ፣ ቅጠል በቅጠል እያገላበጡ፣ ወገብ እስኪቆረጥ መቆም ነው። ይህን የምንለው ሥራ ለመሸሽ አይደለም፤ ወንዶቹ ውኃ በመቅዳት ይርዱን ለማለት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳፍረን ነገር እንድረስ። እኛ ጎመን የምንሠራው በብዙ ውኃ ቀቅለን፣ አውጥተን፣ በእጃችን ጨምቀን፣ አረንጓዴውን ውኃ ቦይ ውስጥ በመድፋት ነው። እናቶቻችንም እንዲሁ ነው ያደረጉት፤ መራራነቱ ይወጣል ይባላል። በዚያ ውኃ ውስጥ ግን የሚሟሟው ቫይታሚን ሲና ፎሌት የሚባለው አብሮ ይሄዳል። ካልሲየሙና ለዓይን የሚሆነው በአብዛኛው ይቀራል። ለጥቅል ጎመኑም የተሻልን አይደለንም፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተጣደ አልጫ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ ከእሳት ላይ አይወርድም። ቫይታሚን ሲ ደግሞ እሳትም ጊዜም ያጠፋዋል። እንግዲህ ጥቅል ጎመን ከጎመን ጋራ የተካከለበትን ያንኑ አንዱን ነገር፣ እኛ በድስት ውስጥ አጥፍተን ነው ለእንግዳ የምናቀርበው።

ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ በየቤታችን እንዲህ እየሠራን ሞከርነው። ጎመኑን ሳይከተፍ አጥቦ፣ ከታጠበ በኋላ መክተፍ፤ ሽንኩርቱን በዘይት ማቁላላት፤ ጎመኑን ከነእርጥበቱ መጨመር፤ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ ድስቱን መክደንና እስኪበስል ብቻ መጠበቅ። ለጋ ቅጠል በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ያረጀ ቅጠል ከሆነ ይቆያል፤ እንጨት እንጨት ይላል የተባለውም ትክክል ነው፣ አንደብቅም። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ለዓይን የሚሆነው ነገር ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ስለዚህ በጾም ጎመን ላይ ዘይት አትሰስቱ።

ወደዚያች እናት ጥያቄ እንመለስ። ፎሌት የተባለው በጎመን 129፣ በጥቅል ጎመን 43 ማይክሮ ግራም ነው። ፅንስ የጀርባው ዘንግ የሚገጥመው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ ፎሌት ማነስ ያ እንዳይገጥም ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ብቸኛው ግን አይደለም። በ28 ቀን ውስጥ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ጎመን ብትበላ ኖሮስ? እንደ እኛ አሠራር ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ ውኃው ተደፍቶ ቢሆን ትልቁ ክፍል ቦይ ውስጥ ነበር። በመሆኑም ጎመን የጠላች ሁሉ እንዲህ ይደርስባታል ማለት ሐሰት ነው፤ ጎመን የበላችም ሁሉ አትድንም። ልጅ ልትወልድ የምታስብ ሴት ሁሉ ከማርገዟ በፊት ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም የፎሊክ አሲድ ክኒን እንድትወስድ ነው የሚመከረው። አንድ ጊዜ እንዲህ የደረሰባት እናት ደግሞ ለሚቀጥለው የሚያስፈልጋት መጠን ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ፣ አስቀድማ ሐኪም ማነጋገር አለባት። ይህን ስንነግራት ልጅቱ ዝም ብላ ሰማች፤ ከዚያ፣ «ታዲያ ይህን ከሠርጌ በፊት ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም?» አለች። አሁንም የምንመልሰው አላገኘንም። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ምራት ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ንገሯቸው።

ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይህኛው በጎመን ላይ የሚመሰክር ነው። አንድ አባላችን በልጅነታቸው በያዛቸው የልብ ሕመም ምክንያት የልብ በራቸው በሰው ሠራሽ ተለውጦላቸዋል፤ ደም እንዳይረጋባቸውም ዋርፋሪን የሚባል ክኒን በየቀኑ ይወስዳሉ። እሳቸውም ታሪካቸውን ንገሩልኝ ብለውናል። ክረምቱንና በጋውን ጎመን ቀምሰው የማያውቁት ሰው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለጤና ይበጃል ተብለው በየቀኑ ጎመን መብላት ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ለምርመራ ሲሄዱ የደማቸው ቁጥር ከሚፈለገው በታች ወርዶ ተገኘ፤ ክኒኑ እንዳልተዋጠ ያህል ሆኖ ማለት ነው። ሐኪሙም «የረሱት ክኒን አለ?» ቢሏቸው የለም። «የጨመሩት ምግብ አለ?» ሲሏቸው ነው ጎመኑ የተያዘው። ጎመን ውስጥ ቫይታሚን ኬ የሚባል ደም የሚያረጋ ነገር አለ፤ በ100 ግራም 437 ማይክሮ ግራም፣ በጥቅል ጎመን ግን 76 ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ይህንኑ ቫይታሚን በመከላከል ስለሆነ፣ አንዱ በድንገት ሲበዛ ሌላው ይሸነፋል።

እሳቸው ደንግጠው ጎመን የሚባል እርም አሉ። ክኒኑ ግን ለጎመኑ ሲባል ተጨምሮ ስለነበረ፣ ጎመኑ በአንድ ጊዜ ሲቀር ቁጥሩ ወደ ላይ ወጥቶ ድዳቸው ደማ። ሐኪሙ በመጨረሻ የነገሯቸው፣ ጎመን እንዳይበሉ ሳይሆን፣ የሚበሉ ከሆነ ከሳምንት ሳምንት በአንድ ልክ እንዲበሉ፣ ልማዳቸውን ሲለውጡም አስቀድመው እንዲያስታውቁ ነው። ይህን ክኒን የሚወስድ ሌላ ሰው በመካከላችን ሊኖር ይችላል። በለቅሶ ላይ ደግሞ ሰው የቀረበለትን ነው የሚበላ፤ «ይህን አልበላም» ማለት ነውር ይመስለዋል። አታሳፍሩት፤ አታስገድዱትም።

ስለ እንቅርት የጠየቃችሁን ነበራችሁ። ሁለቱም ቅጠሎች በጥሬው ብዙ ከተበሉ አዮዲንን ጥቂት ያውካሉ። የበሰለ ከሆነና አዮዲን ያለው ጨው ከተጠቀማችሁ የሚያሳስብ አይደለም።

የሚያሳስበውስ የሚገዛበት ቦታ ነው። በከተማችን በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅለው አትክልት የሚጠጣው የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የገባበትን ውኃ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አፈሩንና የትል እንቁላሉን ደጋግሞ ማጠብ ያስለቅቀዋል። ቅጠሉ ከሥሩ የሳበውን እርሳስና ካድሚየም ግን ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም። ለምለሙን አይተን ብቻ እንዳንገዛ፣ ሻጭዋን «ከየት የመጣ ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ይገባል። ሁልጊዜ እውነቱን ይነግሩናል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። አምና በንዴት የወሰንነው ይነሣልን። በጾም ለቅሶ ጥቅል ጎመኑም ጎመኑም፣ እያንዳንዱ በየራሱ ድስት ሆኖ ይቅረብ፤ የሚበላ ይብላ፣ የሚተው ይተው። ያቺ አባቷን የቀበረች ልጅ ከዚህ ስብሰባ በፊት አነጋግረናታል። «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ ለዘመዶቼ እኔው እመልስላቸው ነበር» ብላናለች። እውነትም ቀድመን አልነገርናትም። ስለዚህ ከእንግዲህ ከባለ ለቅሶው ቤት አንድ ሰው በጓዳ በኩል ተጠርቶ ምን እንደሚቀርብ ሳይነገረው ድስት አይጣድም።

ሁለተኛው፣ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጎመን እንድንተክል ይፈቀድልን። ጎመን የታችኛው ቅጠሉ እየተቀጠፈ ለወራት ይበላል፤ ዳግመኛ መትከል አያስፈልገውም። ችግኙን ከየጓሮአችን እናመጣለን፣ 60 ያህል ይሆናል። የቧንቧው ቁልፍ በዕቃ ቤት ኃላፊው እጅ ስለሆነ፣ ማክሰኞና ዓርብ ጧት ውኃ የሚያጠጣ ሁለት ሰው እንፈልጋለን፤ ፈቃደኛ የሆነ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ለጸሐፊው ያስመዝግብ።